ክርስቶስን «ክሎን» የሚያደርጉ ሃይማኖታዊ ትሪለሮች፦ የት ያሳምናሉ፣ የትስ ይፈርሳሉ?

ንባብ ወዳድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አንድ ዓይነት ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ (ትሪለር) አስተያየታችሁን ፈልጌ ነው። ታሪኩን በተለያየ መልኩ ሳታገኙት አትቀሩም። የጌታችን መግነዝ ነው ከሚባለው ከቱሪን ከፈን ላይ የደረቀ ደም በድብቅ ይቆረጣል፤ አንድ ባለጸጋ የሚደጉመው ቤተ ሙከራ ከደሙ ዲኤንኤ አውጥቶ አንዲት ሴት ያስረግዛል፤ ከዚያ ቫቲካኑም፣ ሰላዩም፣ አክራሪው ማኅበርም እናቲቱን ያሳድዳሉ። እንዲህ ያለው መጽሐፍ እስከ መቶኛው ገጽ ከእጅ አይወርድም፤ ከዚያ በኋላ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይልፈሰፈሳል። ምክንያቱ ምንድን ነው? ሳይንሱ ነው፣ ሃይማኖቱ ነው፣ ወይስ አተራረኩ?

በተለይ ሁለት ነገር እንድታብራሩልኝ እፈልጋለሁ። ከከፈኑ ደም ሰው ማባዛት የማይቻለው በየትኛው ደረጃ ላይ ነው? የተዋሕዶ አማኝ የሆነ አንባቢስ ታሪኩን እንደ ክህደት ሳይቆጥር እስከ መጨረሻው እንዲያነበው ምን ያስፈልጋል? በአማርኛ ለመጻፍ የሚያስብ ካለም ይጠቀምበታል። «ወድጄዋለሁ»፣ «አልወደድኩትም» ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ።

ፒፔት፦

እህቴ፣ ሳይንሱ የሚፈርሰው ገና ሲጀመር ነው። ክሎኒንግ፣ ማለትም ከአንድ ሕዋስ የባለቤቱን ቅጂ ማስወለድ፣ ዲኤንኤ በብልቃጥ ይዞ የሚሠራ ሥራ አይደለም። የሚያስፈልገው ሙሉ ኒውክለስ (ዲኤንኤውን የያዘው የሕዋስ እምብርት) ነው፤ 46ቱም ክሮሞዞሞች ሳይበጣጠሱ። ዶሊ የተባለችው በግ እ.ኤ.አ. በ1996 ስኮትላንድ፣ ሮስሊን ኢንስቲትዩት ስትወለድ ኒውክለሷ የተገኘው ከአንዲት የስድስት ዓመት በግ የጡት ሕዋስ ነው። ሕዋሱ በቤተ ሙከራ ተራብቶ፣ በወጉ በቅዝቃዜ ተቀምጦ የቆየ ነበር። በ2008 ጃፓኖች ለ16 ዓመት በረዶ ሆኖ ከቆየ የአይጥ ሬሳ አይጥ አባዝተዋል። ያም ቢሆን ከ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሳይወጣ የኖረ ሬሳ ነው።

ከፈኑን እንየው። በመጀመሪያ፣ ከደማችን ሕዋሳት አብዛኛው የሆነው ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክለስ የለውም። ያለው ነጩ ነው። ሁለተኛ፣ ደም ሲደርቅ የነጩም ዲኤንኤ መቆራረጥ ይጀምራል። በኒውዚላንድ የጠፋ ወፍ አጥንት ላይ የተሠራ ጥናት በ13 ዲግሪ ሙቀት አካባቢ የዲኤንኤ ትስስር በየ521 ዓመቱ በግማሽ እንደሚቀንስ ገምቷል። ያ አጥንት ውስጥ የተከለለ ነው። ከፈኑ ግን ለአየርና ለእጅ የተጋለጠ በፍታ ነው፤ በ1532 ሻምቤሪ ላይ በእሳት ተይዞ የብር ሣጥኑ ቀልጦ ጨርቁን በስቶታል፣ እሳቱም በውኃ ነው የጠፋው። በ2015 የታተመ ጥናት ከከፈኑ አቧራ ያገኘው ከተለያዩ የዓለም ክፍሎች የመጡ የብዙ ሰዎችንና የዕፅዋትን ዲኤንኤ ነው። ስለዚህ ገጸ ባሕርያችሁ ከጨርቁ ላይ ቢቧጭር የሚያገኘው የተሳላሚዎችንና የመነኩሴዎችን ርዝራዥ ነው፤ ያውም የተቆራረጠ።

«ርዝራዡን አንብበን ሕያው ሕዋስ ላይ እናርመዋለን» የሚሉ ደራሲዎች አሉ። ይህ የተሻለ ሐሳብ ነው፤ ግን የአንድ ሰው ጂኖም (ሙሉው የዲኤንኤ ጽሑፍ) ከማመሳከሪያው ጂኖም ከ4 እስከ 5 ሚሊዮን በሚደርሱ ቦታዎች ይለያል። ያን ሁሉ ሳይሳሳቱ አንድ በአንድ ማረም ዛሬ የሚቻል አይደለም። ሌላም አለ። በ1988 ኦክስፎርድ፣ ዙሪክና አሪዞና ያሉ ሦስት ቤተ ሙከራዎች በካርበን ልኬት ጨርቁን ከ1260 እስከ 1390 ባለው ጊዜ መድበውታል። ናሙናው ከአንድ ጥግ ብቻ በመቆረጡ የሚከራከሩ አሉ፤ ደራሲው ግን ይህን ልኬት ሳይነካ ካለፈ የሚያውቅ አንባቢ ያን ጊዜውኑ ይለየዋል።

አንድ ትልቅ ውሸት ለደራሲ ይፈቀዳል፤ በኔ እምነት ውሸቱ እዚህ፣ ናሙናው ላይ ይዋል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ እውነተኛ ይሁን፤ እውነተኛው ከተፈጠረው ይልቅ ያስፈራልና።

ሂደቱ እንዲህ ነው። እንቁላል የምትለግሰው ሴት ለአሥር ቀን ገደማ የሆርሞን መርፌ ትወጋለች። የመጨረሻው፣ እንቁላሉን የሚያበስለው መርፌ ከተሰጠ ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ በአልትራሳውንድ እየታየ በረጅም መርፌ ይቀዳል። በአንድ ዙር ከ10 እስከ 15 ከተገኘ መልካም ነው። ኦቫሪዋ (የእንቁላል ማመንጫዋ) ከመጠን በላይ ካበጠ ሆዷ ውኃ ይቋጥራል፣ ደሟም ሊረጋ ይችላል፤ ይህ በልቦለዶቹ ውስጥ አንድም ቀን ተጽፎ አይታይም። እንቁላሉ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህላል። በማይክሮስኮፑ ሥር በአንድ በኩል ያለ የብርጭቆ ቱቦ በስሱ ስቦ ያጣብቀዋል፤ በሌላው በኩል ያለው ቀጭን ቱቦ ሽፋኑን አልፎ ይገባና የእንቁላሉን የራሱን ክሮሞዞሞች መጥጦ ያወጣል። ክሮሞዞሞቹ በተራ ብርሃን አይታዩም። ፖላራይዝድ ብርሃን ያስፈልጋል፤ ቀለም ነክሮ በአልትራቫዮሌት ማየትም ይቻላል፣ ግን እንቁላሉን ይጎዳዋል። ከዚያ የለጋሹ ሕዋስ ከሽፋኑ ሥር ይቀመጣል፤ በኤሌክትሪክ ንዝረት ወይም በሞተ የሴንዳይ ቫይረስ ከእንቁላሉ ጋር ይዋሐዳል። በመጨረሻም እንደተፀነሰ እንቁላል መከፋፈል እንዲጀምር በኬሚካል ይቀሰቀሳል። አምስት ስድስት ቀን ቆይቶ መቶ ገደማ ሕዋስ ከሆነ ወደ ማህፀን መግባት ይችላል።

አብዛኛው ግን እዚያ አይደርስም። የጎልማሳ ሕዋስ ኒውክለስ «እኔ የቆዳ ነኝ»፣ «እኔ የጡት ነኝ» የሚሉ ምልክቶች ታትመውበታል፤ እንቁላሉ እነዚያን በጥቂት ሰዓት ውስጥ መፋቅ አለበት፣ ብዙውን ጊዜም ሳይጨርስ ይቀራል። ለዶሊ 277 እንቁላሎች ተዋሕደው 29ኙ ብቻ ለጽንስ በቁ፤ እነሱም ወደ 13 በጎች ገብተው አንዲት ግልገል ተወለደች። በ2017 መጨረሻ ሻንግሃይ ላይ የተወለዱት ሁለት ዝንጀሮዎች ምልክቶቹን የሚፈቱ ሁለት ተጨማሪ ቅመሞች ተጨምረውላቸው ነው። እንደዚያም ሆኖ 79 ጽንሶች ወደ 21 እናቶች ገብተው ስድስት እርግዝና፣ ሁለት ልደት ሆነ። ደግሞ እነዚህ ከሽል ሕዋስ የተባዙ ናቸው። ከጎልማሳ ዝንጀሮ ሕዋስ ሲሞከር 42 እናቶች ያስፈለጉ ሲሆን የተወለዱት ሁለቱም ወዲያው ሞተዋል። ደራሲው ሠላሳ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው ሕዋስ ነው የያዘው፤ የሚቆጥረው ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ነው።

የአብነት ተማሪ፦

የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛላችሁ። ፒፔት የሥጋውን ነገር አብራርቷል፤ እኔ የሃይማኖቱን ልጨምር።

ለተዋሕዶ አንባቢ የሚጎረብጠው ድፍረቱ ብቻ አይደለም፤ የነገረ ሥጋዌው፣ ቃል ሥጋ የመሆኑ ትምህርት፣ ስሌት ነው። ትምህርታችን ልደቱ ሁለት ነው ይላል፤ ቅድመ ዓለም ከአብ ያለ እናት፣ ድኅረ ዓለም ከእመቤታችን ያለ አባት። የልደት ቁጥር ለእኛ ተራ ነገር አይደለም። ሊቃውንቱ ካራና ቅባት በተባሉ ወገኖች ተከፍለው፣ በሁለት ልደትና በሦስት ልደት ሲከራከሩ ኖረው ሦስት ልደት የሚለው ትምህርት በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ፣ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ፊት ተወግዟል። ስለዚህ ልቦለዱ ውስጥ አንድ ሳይንቲስት «ዳግመኛ እናስወልደዋለን» ሲል ሌላው ዓለም ድፍረት ይሰማዋል፤ የእኛ አንባቢ ግን የተወገዘ ቁጥር ይሰማል። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ይህን ሊሸሽበት አይገባም። አንድ የጉባኤ መምህር ከሳይንቲስቱ ፊት ቁጭ አድርጎ በዚሁ ያከራክራቸው። ከየትኛውም የመኪና ማሳደድ የበለጠ ልብ የሚያንጠለጥል ምዕራፍ ይወጣዋል።

ዋናው ነጥብ ይህ ነው፤ የተዋሐደው ቃል ነው። ሥጋው ከመዋሐዱ በፊት ለብቻው የቆመ አካል አልነበረም፤ ከሥጋው ተለይቶ የሚቀዳ «ክርስቶስነት» የለም። የሥጋን ቅጂ የወሰደ ሰው፣ እንበልና ቢሳካለት፣ የሚያገኘው የራሱ ነፍስ ያለው አንድ ተራ ሕፃን ነው። አንድ ዓይነት መንትዮች ከአንድ ጽንስ ተከፍለው ይወለዳሉ፤ ሁለት ነፍስ፣ ሁለት ስም፣ ሁለት ንስሐ አባት ይዘው ነው የሚኖሩት። አንዱ ቢቀስስ ሌላው ቄስ አይሆንም። ስለዚህ ገጸ ባሕርያቱ «ክርስቶስ ነው» ይበሉ፣ ይሳሳቱ፣ ይገዳደሉበት፤ ተራኪው ግን በራሱ ድምፅ እንዲህ ካለ መጽሐፉ ያኔ ከእጃችን ይወድቃል። መስመሩ እዚህ ላይ ነው።

የጥቅስ ምርጫም አለ። የምዕራቡ ልቦለዶች ወደ ራእየ ዮሐንስ ይሮጣሉ። ማቴዎስ 24፥26 ግን ይበልጥ ይቀርባል፤ «እነሆ፥ በእልፍኝ ነው ቢሉአችሁ፥ አትመኑ»። በር የተዘጋበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ሕፃን አስቀምጦ «እዚህ ነው» ለሚል ሰው ከዚህ የቀረበ ቃል አላውቅም።

በካቶሊኮቹ በኩል ደግሞ ደራሲዎች ብዙም ያልነኩት ሀብት አለ። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን ፍራንቸስካውያንና ዶሚኒካውያን በስቅለት የፈሰሰው ደም በሦስቱ ቀን ከመለኮት ተለይቶ ነበር ወይስ አልተለየም ብለው በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 2ኛ ፊት ተከራክረዋል፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1464 ክርክሩ እንዲቆም አዘዘ። ሴራው ደም ከሆነ ይህን ክርክር የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ መጽሐፉን ከፍ ያደርገዋል። ከእርሱ በፊት፣ በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዘመን መባቻ፣ ጊበርት ዘኖዣን የተባለ ፈረንሳዊ አበ ምኔት የአንድ ገዳም መነኮሳት የጌታችን የሕፃንነት ጥርስ አለን ማለታቸውን ተቃውሞ ጽፏል። መከራከሪያው የተነሣው ሥጋ ሙሉ ነው፣ ወድቆ የቀረ አካል የለውም የሚል ነበር።

ንባብ ወዳድ፦

እግዜር ይስጥልኝ፤ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። የጥርሱ ነገር ገረመኝ። ፒፔት፣ ጥርስ ከደም ይሻላል? ደግሞስ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ «የእገሌ ቅጂ ነው» ብሎ ማረጋገጥ የሚቻለው እንዴት ነው? ልቦለዶቹ አንድ ወረቀት ከማተሚያ ያወጡና «99.9 በመቶ» ብለው ያልፉታል።

አርታኢው፦

ፒፔት እስኪመለስ ስለ አተራረኩ ልበል። ከመቶኛው ገጽ በኋላ የሚልፈሰፈሱት በጊዜ አያያዝ ነው። እርግዝና ዘጠኝ ወር ነው፤ ትሪለር ግን በቀናት ይሮጣል። ልጁ እንዲናገር ከተፈለገ ደግሞ ቢያንስ አሥራ ሁለት ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ብዙዎቹ «ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ» ብለው ይዘላሉ፤ የተከማቸው ውጥረት ሁሉ በዚያች አንዲት መስመር ይተናል። የባሰባቸው ደግሞ ጎልማሳውን ከጋን ውስጥ ያወጡታል። ከሁለት አንዱን መምረጥ ነው። ወይ ታሪኩ ከአሥረኛው የእርግዝና ሳምንት ተነሥቶ በልደት ያልቃል፣ ወይ ልጁ አድጎ ይጀምርና ያለፈው በምርመራ ይገለጣል።

ሌላው የተረሱት ሴቶች ናቸው። ፒፔት የጻፈውን ቁጥር ወደ ሰው ብንመልሰው፣ 277 እንቁላል ከአንዲት ሴት 12 እየተወሰደ 23 ገደማ ለጋሾች ይፈልጋል፤ በዚያ ላይ ማህፀን የሚያከራዩ ሃያ አርባ ሴቶች አሉ። ስድሳ ሰው የሚያውቀው ነገር ምስጢር ሆኖ አይቆይም። ልቦለዶቹ ግን አንዲት ድንግል፣ አንድ ሐኪም፣ አንድ ሙከራ አድርገው ያቀርቡታል። አርባ ሴቶች ካስወረዳቸው በኋላ አርባ አንደኛዋ ያረገዘችበትን መጽሐፍ አስቡት፤ ከአርባዎቹ አንዷ ብትናገር ሴራው በሙሉ ይፈርሳል። እኔ ጸሐፊ ብሆን ተራኪዋን ከአርባዎቹ ነበር የምመርጣት።

የሕጉንም ነገር አስተካክሉት። «በመላው ዓለም የተከለከለ» ተብሎ ይጻፋል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ሰው ክሎኒንግ ያወጣው መግለጫ በ84 ድጋፍ፣ በ34 ተቃውሞና በ37 ድምፀ ተአቅቦ የጸደቀ ነው፤ አስገዳጅ አይደለም። ብሪታንያ በ2001 በሕግ ከልክላለች፤ አሜሪካ ውስጥ ግን አንዳንድ ክፍላተ ግዛት ይከለክላሉ እንጂ የፌዴራል ክልከላ የለም። ስለዚህ ቤተ ሙከራውን የግድ ባሕር ላይ መርከብ ውስጥ መደበቅ አያስፈልግም።

ፒፔት፦

ጥርስ በጣም ይሻላል። የጥንት ዲኤንኤ የሚያጠኑ ሰዎች የሚመርጡት የጥርስ ሥርና የውስጥ ጆሮን የከበበውን ጠንካራ አጥንት ነው። ግን ለማንበብ ነው እንጂ ለክሎኒንግ አይደለም፤ የሞተ ጥርስ ውስጥ ሕያው ኒውክለስ የለም። የሕፃን ጥርስ ደግሞ የሚወልቀው ሥሩ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ከአዋቂው ያነሰ ነው የሚሰጠው።

ማረጋገጫውን በተመለከተ፣ ለዶሊ በ1998 የተሠራው ይህ ነው፤ ከለጋሿ ተቀምጦ የቆየው ሕዋስና የዶሊ ደም ጎን ለጎን ሆነው በዲኤንኤ አሻራ ተነጻጸሩ። ልብ በሉ፣ መጀመሪያውኑ የለጋሹ ናሙና በሌላ ገለልተኛ እጅ መቀመጥ አለበት፤ ያለዚያ ሳይንቲስቱ ከሕፃኑ ደም ለሁለት ከፍሎ «አንዱ የለጋሹ ነው» ማለት ይችላል። በታኅሣሥ 2002 ክሎናይድ የተባለ ድርጅት የመጀመሪያዋ የተባዛች ሕፃን ተወለደች ብሎ ባወጀ ጊዜ ናሙና ለገለልተኛ ምርመራ አልሰጠም፤ ነገሩ እዚያው ቀረ። ኮሪያዊው ሁዋንግ ዉ ሱክም ከተባዛ የሰው ጽንስ ሕዋስ አወጣሁ ብሎ በ2004 እና በ2005 ያሳተማቸው ጽሑፎች ተሰርዘዋል፤ ለሥራው ከራሱ ቤተ ሙከራ ሴት ሠራተኞች ሳይቀር እንቁላል ተወስዶ ነበር። የአርታኢው አርባ አንደኛ ሴት ከየት እንደምትመጣ ይህ ይበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም ልቦለድ ሲጠቀምበት አላየሁም። የሚተላለፈው ኒውክለሱ ነው፤ ማይቶኮንድሪያ የምትባለው የሕዋስ ኃይል ማመንጫ ግን የእንቁላሉ ናት፣ የራሷም 37 ጂን አላት። ስለዚህ ሕፃኑ በእናት መስመር ሲመረመር እንቁላሉን ከለገሰችው ሴት ጋር ይዛመዳል እንጂ ከዋናው ሰው እናት ጋር አይዛመድም። ሴረኞቹ «የማርያም ልጅ» ብለው ያወጁት ሕፃን በምርመራ የእናቱ መስመር የአንዲት እንቁላሏን ሸጣ የሄደች ተማሪ ሆኖ ሲገኝ፣ ያቺ ተማሪ ደግሞ በሕይወት ካለችና ልጁ ይገባኛል ካለች፣ ሁለተኛው መቶ ገጽ የሚነሣው ከዚያ ነው። የአብነት ተማሪው ያለው መምህርም ልጁ ክርስትና ይነሣ፣ አይነሣ፣ በማን ስም የሚለውን ያኔ ሊጠየቅ ይችላል።

የአብነት ተማሪ፦

ይነሣል እንጂ! ወንድ ከሆነ በአርባ፣ ሴት ብትሆን በሰማንያ ቀኗ፣ እንደ ማንኛውም ሕፃን። መምህሩ በዚህ አንድ ደቂቃ አያመነታም። የሚቸገረው ሴረኞቹ «ይህ ጥምቀት አያስፈልገውም» ብለው ሕፃኑን ሲከለክሉት ነው፤ ያን ምዕራፍ የሚጽፈው ሰው ከተገኘ ረቂቁን እዚሁ ያምጣው፣ የሥርዓቱን ቅደም ተከተል አይለታለሁ።