«እምቅ» የተባለው ጉልበት የታመቀው የት ነው?

የከዚራ አባት፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ፖቴንሻል ኢነርጂ ስለሚባለው እምቅ ጉልበት ጠይቃኝ መልስ አጣሁ። 50 ኪሎ የሩዝ ጆንያ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲወጣ እምቅ ጉልበቱ ይጨምራል ተብላለች፤ እሷ ግን «ጆንያው ቢፈታ ሩዙ ያው ሩዝ ነው፤ ታዲያ የት ታመቀ?» ትላለች። ከፍታውስ የሚለካው ከየት ተነሥቶ ነው?

መምህር ከሐረር፦ ወንድሜ፣ ልጅዎን ያሳሳታት ቃሉ ይመስለኛል። «እምቅ» ለተጨመቀ ሞላ በጣም ይስማማል፤ የጆንያው ጉልበት ግን ሩዙ ውስጥ የተቀመጠ ሳይሆን፣ እርስ በርስ የሚሳሳቡት መሬትና ጆንያው በመካከላቸው ባለው ርቀት ምክንያት በጋራ የሚኖራቸው ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆኑ፣ 50 ኪሎውን በስበቱ መጠን፣ ማለትም በ10 ግድም፣ ከዚያም በ700 ሜትር ብናባዛው 350,000 ጁል እናገኛለን። ቁጥሩ ያስደነግጣል እንጂ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

ተማሪ ከሳቢያን፦ ዜሮ የሚባለውን ቦታ የሚመርጠው አስሊው ራሱ ነው። ከባሕር ወለል ብንነሣ ጆንያው ድሬዳዋ ላይ 600,000፣ ሐረር ላይ 950,000 ጁል ይኖረዋል፤ ከድሬዳዋ ብንነሣ ደግሞ ዜሮና 350,000 ይሆናል። ልዩነቱ አንድ ነው። መንገዱ ሐረማያ ላይ ከሐረር በላይ ወጥቶ እንደገና መውረዱም ይህን አይለውጠውም።

ሾፌሩ፦ እኔ ፊዚክስ አልተማርኩም፤ ነገር ግን ጭነት ይዤ ደንገጎን ስወርድ ፍጥነቴን አልጨምርም። እምቅ ጉልበቱ ወደ እንቅስቃሴ ካልተለወጠ ታዲያ የት ይገባል?

መምህር ከሐረር፦ ፍሬንዎ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይገባል። በከባድ ማርሽ የሚወርዱትም ከፊሉን ሞተሩ እንዲሸከምልዎ ነው፤ ሁሉም በፍሬኑ ላይ ቢወድቅ ግሎ መያዝ ያቅተዋል፤ ሽታውን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

የከዚራ አባት፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ልጄ ጣሪያችን ላይ ያለውን የ1,000 ሊትር ሮቶ ከጓሮው ቧንቧ አፍ ተነሥታ አስልታ፣ በ6 ሜትር ከፍታ 60,000 ጁል አግኝታለች። ልክ ናት?

መምህር ከሐረር፦ መነሻዋ ልክ ነው፤ ውኃው ከቧንቧው በታች አይቀዳላችሁምና። ከፍታውን ግን እስከ ውኃው መካከል ትለካ፤ ሮቶው ሙሉ ከሆነ ማለቴ ነው።