ማውንት ቢርስታት ላይ ከውሻ ጋር አድሮ መውጣት፤ የሞከራችሁ አላችሁ?

የቡቺ እናት፦
ሰላም ወገኖች። አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው የምኖረው። ቡቺ የሚባል ሦስት ዓመት የሆነው ውሻ አለኝ፣ ድብልቅ ዘር ነው፣ ወደ 25 ኪሎ ይመዝናል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከባሌ ጋር ቢርስታትን ልንወጣ አስበናል፣ ዓርብ ማታ የእግር መንገዱ የሚጀምርበት ጓኔላ ፓስ አካባቢ ድንኳን ተክለን አድረን ቅዳሜ ሌሊት መነሳት ነው ሐሳባችን። ተራራውን አምና ወጥቼዋለሁ። የማላውቀው የውሻውን ነገር ነው። 4,287 ሜትር ላይ እኔ ራሴ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ እሱስ? የማታው ብርድስ? እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ምን በወጣው ተራራ ይወጣል!» ብላ ተቆጥታኛለች፣ እኔም ትንሽ ፈርቻለሁ።

ባለ ዱላው፦
እህቴ፣ ይቻላል። ግን ከሳንባው በፊት እግሩን አስቢ።

እኔ ውሻዬን ኳንዳሪ የሚባለው ሌላ የኮሎራዶ ተራራ ላይ ወስጄው ነበር። ስንወጣ ጭራውን እየቆላ ከፊቴ ከፊቴ ይል ነበር፣ ጫፍ ላይ ስንደርስ እንኳ የደከመው አይመስልም። ስንወርድ ግን ቁጭ ቁጭ ማለት ጀመረ። ደክሞት ነው ብዬ ውኃ ሰጠሁት፣ ጠጣና ተነሳ። ትንሽ እንደሄድን ድንጋዩ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አየሁ። እግሩን ገልበጥ አድርጌ ሳየው የመዳፉ ቆዳ ተልጦ ሥጋው ይታያል፣ አንዱ ብቻ ሳይሆን ሦስቱ። ለካ ቀድሞም ሲያመው ነበር። ውሻ ባለቤቱ እየሄደ «አልችልም» አይልም፣ እስኪወድቅ ይከተልሻል። ጃኬቴን እንደ አንቀልባ አድርጌ ጀርባዬ ላይ አዝዬው ወረድኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

ስለዚህ የውሻ ጫማ ግዢለት፣ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ጀምረሽም አለማምጂው፣ መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ቀጥሎ መንገድ ላይ። መለዋወጫም ያዢ፣ አንዱ ወልቆ መጥፋቱ አይቀርም። ባረፋችሁ ቁጥር አራቱንም እግር በእጅሽ ዳብሺ። ቢርስታት ላይ መጨረሻው ከድንጋይ ድንጋይ መዝለል ነው፣ ድንጋዩ ደግሞ እንደ ሞረድ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. እዚያው አካባቢ ሸንተረሩ ላይ አንዲት ጀርመን ሼፐርድ እግሯ ቆስሎ መሄድ ሲያቅታት፣ ማዕበልም ሲመጣ፣ ባለቤቷ ትቷት ወርዷል። ከሳምንት በላይ ብቻዋን ቆይታ በጎ ፈቃደኞች ተሸክመው አወረዷት። ለዚህ ነው አጥብቄ የምነግርሽ።

ሰዓቱን ደግሞ አደራ። በበጋ ከሰዓት በኋላ መብረቅ አለ፣ እናንተ የምትነሱት 3,550 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ከዚያ በላይ የሚያስጠልል ዛፍ የለም። ሳይነጋ ተነሱ፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ ከጫፉ ወርዳችሁ መገኘት አለባችሁ።

ሰላም ከዴንቨር፦
እኔ የምጨምረው ገመዱን ነው። ያ ክልል ውሻ በገመድ እንዲታሰር ሕጉ ያዛል፣ ሕጉ ባይኖርም እኔ አልፈታም ነበር። ከመነሻው ትንሽ ወረድ ሲል ያለው የአኻያ ቁጥቋጦ ሙስ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን የሚውልበት ነው። ሙስ ውሻን የሚያየው እንደ ተኩላ ነው። የተፈታ ውሻ ሄዶ ይጮህበታል፣ ሙሱ ሲነሳበት ውሻው የሚሮጠው ወዴት ነው? ወደ አንቺ። ከኋላው ከ400 ኪሎ በላይ የሚመዝን እንስሳ አስከትሎ።

የጎንደር ልጅ፦
ስለ ማደሩ፦ ከእናንተ ጋር ድንኳን ውስጥ ይተኛ፣ ውጭ አስረሽ እንዳታሳድሪው። ከላይ ከሚለበሰው ይልቅ ከሥር የሚነጠፈው ይበልጣል፣ ቅዝቃዜው የሚገባው ከመሬት ነው። እኔ የድሮ የስፖርት ምንጣፍ ቆርጬ አነጥፍለታለሁ። ሆዱና እግሩ እርጥብ ከሆነ ሳይተኛ በፎጣ አድርቂው። ማታ ምግብ እምቢ ካለ፣ ካስታወከው ወይም ሲቆም ከተንገዳገደ ከፍታው አልተስማማውም ማለት ነው፣ አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ይዘሽው ውረጂ። ውኃም ከጅረት አይጠጣ፣ ጃርዲያ የሚባለው ተቅማጥ የሚያመጣ የውኃ ጥገኛ ተሕዋስ ውሻንም ይይዛል፣ የራሱን ተሸከሙለት።

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣና፣ አገር ቤት ስትሄዱ ግን ሰሜን ተራሮችም ሆነ ባሌ ውሻ ይዞ መውጣት የሚባል ነገር አታስቡ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ነው፣ ያውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ። ባሌ ላይ ከውሾች የተጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ስንት ቀበሮ ጨርሷል። ልጅ ሆኜ ደባርቅ በላይ አንዱን አይቼዋለሁ፣ ጠዋት ጉም ውስጥ አይጥ እየጠበቀ፣ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ቆሞ። አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

የቡቺ እናት፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ባለ ዱላው፣ የጻፍከውን ለባሌ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ ሁለታችንም ዝም አልን። ጫማውን ዛሬ አዝዣለሁ፣ ስምንት ፍሬ። ቡቺ ገና ማነከስ ሲጀምር፣ ጫፉ መቶ ሜትር ቢቀረውም ሦስታችንም ልንመለስ ተስማምተናል። አንድ ነገር ብቻ፦ ጫማው ውስጥ ካልሲ ይደረግለታል ወይስ በባዶው?

ባለ ዱላው፦
ስስ የሕፃን ካልሲ አድርጊለት፣ ጫማው ሲፈትገው ያግዘዋል። ግን ካልሲውም ሲረጥብ ቀይሪለት።