ለመጋቢያችን የሙሉ ጊዜ ደመወዝ ስንቆርጥ ምን እናስላ?

ጥያቄ (ከሂሳብ ያዥ)፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ በምትገኝ አንዲት አማርኛ ተናጋሪ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሂሳብ ያዥ ነኝ። መጋቢያችን እስካሁን ቀን ታክሲ እየነዱ፣ ማታና እሑድ ሲያገለግሉን የቆዩ ሲሆን፣ ከመጪው ጥር ጀምሮ ሙሉ ጊዜያቸውን እንዲሰጡን በዓመት 48,000 ዶላር ልንቆርጥላቸው አስበናል። አንዱ ሽማግሌ እንደ ማንኛውም ተቀጣሪ ይያዙ ሲሉ፣ ሌላው በኮንትራት ሠራተኛ ፎርም በ1099 ይከፈላቸው ይላሉ። በሰዓት የምንከፍላት ጸሐፊም አለችን። ትክክለኛው አሠራር የትኛው ነው?

መልስ (የግብር ባለሙያ)፦
ሁለቱም ሽማግሌዎች ግማሽ እውነት ይዘዋል። የተሾመ አገልጋይ ለገቢ ግብር ተቀጣሪ ስለሚባል ዓመቱ ሲያልቅ የሚሰጠው ደብሊዩ ቱ (ለተቀጣሪ የሚሰጥ የዓመት ደመወዝ መግለጫ ፎርም) ነው። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር (ለመንግሥት የጡረታና የአረጋውያን ጤና መድን መዋጮዎች) ግን ራሱን እንደቀጠረ ሰው ይቆጠራል፤ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኒቱ እነዚህን አትቀንስም፣ ድርሻዋንም አትከፍልም፤ 15.3 በመቶውን የሚሸከሙት መጋቢው ብቻቸውን ናቸው። በ48,000 ዶላር ላይ ሲሰላ፣ መቶኛው የሚታሰበው በገቢው 92.35 በመቶ ላይ ስለሆነ፣ ወደ 6,780 ዶላር ይደርሳል፤ ተራ ተቀጣሪ ቢሆኑ ግን የሚቀነስባቸው 3,672 ዶላር ብቻ ነበር። እኔ የማየው ትልቁ ስሕተት ይህን ልዩነት ሳያዩ «ጥሩ ደመወዝ ሰጠን» ማለት ነው። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግማሹን በተጨማሪ አበል ያካክሳሉ፤ አበሉም ራሱ ግብር የሚከፈልበት መሆኑን አትርሱ።

ጸሐፊዋ ግን ተራ ተቀጣሪ ናት። ከእርሷ 7.65 በመቶ ቀንሳችሁ እናንተም ያንኑ ያህል ትጨምራላችሁ፤ 1099 ለእርሷ አይሆንም።

መልስ (የቀድሞ ሽማግሌ)፦
የቤት አበሉን ከጥር በፊት ወስኑ። ከ48,000ው 18,000ውን ለቤት ብትመድቡ፣ በዚያ ላይ የገቢ ግብር አይከፍሉም፤ ነገር ግን ውሳኔው ክፍያው ከመጀመሩ አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ መጻፍ አለበት፣ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። ነጻ የሚሆነውም ከተመደበው፣ በትክክል ለቤት ከወጣውና ቤቱ ከነዕቃውና ከአገልግሎት ወጪው ሊከራይ ከሚችልበት ዋጋ ዝቅተኛው ነው። በእኛ ዘንድ ውሳኔው በሚያዝያ ተጽፎ፣ የሦስት ወሩ ክፍያ ከነጻነቱ ወጥቶ ቀርቷል።

መልስ (የመጋቢ ባለቤት)፦
ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ባለቤቴ በወጣትነቱ «ገንዘብ ይተርፍሃል» ተብሎ ከሶሻል ሴኩሪቲ ለመውጣት ፎርም 4361 ሞላ። ፎርሙ የተፈቀደው የመንግሥትን መድን መቀበል ከእምነቱ ጋር ለሚጋጭበት አገልጋይ እንጂ ለቁጠባ አልነበረም፤ አንዴ ከጸደቀም ተመልሶ መግባት አልተቻለም። ዛሬ ጡረታ ሲደርስ የአገልግሎት ዓመታቱ አይቆጠሩለትም። መጋቢያችሁ በታክሲ ሥራ የከፈሉት ይቆጠርላቸዋል፣ ቢሆንም ለጡረታ የሚያስፈልጉት፣ መዋጮ ከተከፈለበት ሥራ የሚጠራቀሙት 40 ነጥቦች መሙላታቸውን ራሳቸው ያጣሩ። የጤና መድኑንም ለብቻው ተነጋገሩበት፤ ከደመወዙ ውስጥ ይወጣል ብላችሁ እንዳትተዉት።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ደመወዙ እንጂ ስለ ግብሩ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም ነበር። የቤት አበሉን ቃለ ጉባኤ ለኅዳር ስብሰባ አዘጋጃለሁ፤ ተራ ተቀጣሪ ቢሆኑ ኖሮ እኛ እንከፍል የነበረውን 3,672 ዶላርም በበጀቱ ላይ እንደ አበል እጨምራለሁ።