ጣራው ያፈሳል፦ ራሴ ልውጣ ወይስ ባለሙያ ልጥራ?

የቆጪ ልጅ፦
ሰላም ጅማዎች። ቤቱ የቤተሰብ ነው፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። ሳሎን ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ምልክት ወጥቷል፤ ዝናቡ ሲጠነክር ጠብ ጠብ ይላል። ሠራተኛ አምጥቼ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ቆሞ ቀና አለና «ሙሉው ይቀየር» ብሎኝ እርፍ። የእጅ ዋጋ ብቻ ስንት እንደጠራ ባልነግራችሁ ይሻላል። ጣራው ላይ እንኳን አልወጣም እኮ! ጓደኛዬ ደግሞ «ማስቲሽ ገዝተህ ራስህ ድፈነው» ይለኛል። መሰላል ከጎረቤት አገኛለሁ፣ ከፍታም አልፈራም። በዚያ ላይ የኩሽናው ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ የመኝታ ቤቱ ሶኬት ደግሞ ስሰካበት ብልጭ ይላል። ሁሉንም ራሴ ልያዘው? የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ክረምት እስኪገባ አይጠብቅም።

አናጺው፦
ሙያዬ ስለሆነ ለሙያዬ ሰዎች አዳላህ በለኝ ግድ የለም። ጣራ ሳይወጣ ዋጋ የሚጠራ ሰው ግን አይሠራልህም፣ ሸኘው። ጅማ ውስጥ እንጨት የሚያውቅ ሞልቷል፤ በርጩማ የሚያሳምር ሁሉ ግን ጣራ ያውቃል ማለት አይደለም።

ለማንም ሳትከፍል መጀመሪያ ይህን እይ። ውኃ በገባበት ቀዳዳ ልክ ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ እንጨቱን ይዞ ሄዶ ሌላ ቦታ ነው የሚንጠባጠበው። ስለዚህ ፀሐይ ባለበት ሰዓት በኮርኒሱ መግቢያ ብቅ በልና ባትሪህን አጥፋ፤ ቀዳዳ ካለ ብርሃን ያስገባል። ሚስማሮቹን ተመልከት። ሚስማር የሚመታው ቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፣ ውኃ በሚሄድበት ቦይ ላይ ከተመታ ያፈሳል። ከሚስማሩ ራስ ሥር ያለው ጎማ የደረቀም እንደዚያው። ይኼ ብቻ ከሆነ ጉዳዩ ቀላል ነው፣ ሚስማርና ጎማ መቀየር ነው። እንጨቱን ግን በቢላ ወጋ አድርገው፤ ገባ ካለ በስብሷል ወይ ምስጥ ገብቶበታል፣ ያኔ ባለሙያ ጥራ። የዛገ ቆርቆሮ ላይ ማስቲሽ መለጠፍ ደግሞ ብር መጣል ነው፣ ዝገቱ ከሥር መብላቱን አያቆምም።

እመ ቤት፦
ወንድሜ፣ «ከፍታ አልፈራም» ያልከው ነው ያስፈራኝ። የሚወድቀው የማይፈራው ነው። ከወጣህ ደረቅ ቀን ጠብቅ፣ መሰላሉን የሚይዝ ሰው ይኑር፣ ስትራመድ የሚስማሩን መስመር ተከተል፤ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ነው።

ሶኬቱን አትንካ! 220 ቮልት መለማመጃ አይደለም። ብሬከሩን አውርድና ኤሌክትሪሺያን ጥራ። ጣራ የሚያፈስ ቤት ውስጥ ውኃው የኤሌክትሪክ ገመዱ ጋ ደርሶ እንደሆነም አብሮ ይይልህ።

ሰው ስትቀጥር ዕቃውን ከዚሁ ከጅማው መርካቶ ራስህ ግዛ፣ የእጅ ዋጋ ብቻ በቁርጥ ተዋዋል። ቀብድ ትንሽ ስጥ። የመጨረሻውን ክፍያ አንድ ደህና ዝናብ እስኪጥል ያዝ። እዚህ ከተማ ብዙ አያስጠብቅህም 😀

ባለ ፒንሳ፦
ቧንቧው ላይ ብር አታውጣ። ዋናውን መዝጊያ ዝጋ፣ ሩቢኔቱን ፍታ፣ ውስጥ ያለችውን ጎማ አውጥተህ ይዘሃት ሱቅ ሂድ። በዓይን ግምት ከገዛህ ልኳ አይገጥምም፣ ተመልሰህ ትሄዳለህ።

የቆጪ ልጅ፦
አያችሁ፣ ኮርኒሱ ውስጥ ገባሁ። ብርሃን የሚያስገባው ሁለት ቆርቆሮ የሚደራረብበት ጋ ነው፣ አንዱ ጠርዙ ዝጎ ተበልቷል። እንጨቱ ጠንካራ ነው፣ ቢላ አላስገባም። አንድ ቆርቆሮ ብቻ ብቀይርስ? ውፍረቱስ፣ ስንት ጌጅ ልግዛ?

አናጺው፦
ይቻላል። ሞገዱ ከድሮው ጋር መግጠም አለበት፣ ቁራጭ ይዘህ ሂድ። ጌጅ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል፣ ስለዚህ 32 ከምትገዛ 28 ግዛ። በጎን ሁለት ሞገድ ይደራረብ፤ ከላይ ያለው ቆርቆሮ የታችኛውን ይጫነው፣ ተገልብጦ ከገባ ውኃውን ራስህ ቤት አስገባኸው ማለት ነው። አንድ ቆርቆሮ ለመቀየር ለግማሽ ቀን ሰው ያዝና አብረኸው ሥራ።

እመ ቤት፦
ሶኬቱስ? ዝም አልክ እኮ።