ዳታሴትን ከጁፒተር ኖትቡክ ሳስነሳ መነሻ ገጹ ይከፈታል፣ ሊንኮቹ ግን 404 (ገጹ አልተገኘም) ይላሉ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የኤስኪውላይት ዳታቤዝ ፋይል ከጁፒተር ኖትቡክ (ኮድ በብራውዘር ውስጥ በየሴሉ ከሚጻፍበትና ከሚሠራበት መሣሪያ) ሳልወጣ በዳታሴት (Datasette፣ ዳታቤዝን በድረ ገጽ መልክ በሚያሳይ ፕሮግራም) ለማየት እየሞከርኩ ነው። ኖትቡኩ ላፕቶፕ ላይ ሳይሆን ብዙ ሰው በሚጠቀምበት የጁፒተርሀብ ሰርቨር ላይ ነው ያለው፤ ችግሩም ከዚያ የሚመጣ ይመስለኛል።

ዳታሴትን በቃለ አጋኖ ምልክት (!) በሚጀምር ትእዛዝ ካስነሳሁት ሴሉ አያልቅም፤ በግራ በኩል ያለችው [*] እንዳለች ትቀራለች፣ ዳታሴት እስኪዘጋም ሌላ ሴል አይሠራም። ስለዚህ ሌላ ፕሮግራም በሚያስነሳው የፓይተን ሰብፕሮሰስ ሞጁል፣ በፖፕን (Popen)፣ ፖርት 8001 ላይ ከጀርባ አስነሳሁት። ሴሉን ደግሜ ሳስኬደው ፖርቱ ተይዟል የሚል ስህተት 98 ይመጣ ነበር፤ የቀድሞውን ፕሮሰስ አስቀድሜ እየዘጋሁ ይህን አልፌዋለሁ።

127.0.0.1 የሚለው አድራሻ የሰርቨሩ የራሱ ስለሆነ በእኔ ብራውዘር አይከፈትም። ጁፒተር ሰርቨር ፕሮክሲን (በሰርቨሩ ላይ ያለን ፖርት በጁፒተር አድራሻ በኩል የሚያሳይ ተጨማሪ) ጭኜ /ፕሮክሲ/8001/ በሚለው መንገድ ስገባ መነሻ ገጹ መጣ። ሠንጠረዥ ስነካ ግን 404! ቤዝ ዩአርኤል የሚባለውን፣ ሊንኮች የሚጀምሩበትን መንገድ የሚወስነውን የዳታሴት ሴቲንግ /ፕሮክሲ/8001/ ብዬ ሞላሁት፤ ሊንኩ አሁንም ከፊት ያለውን /ዩዘር/ እና የተጠቃሚውን ስም ይጥላል። ሙሉውን መንገድ በእጄ ስጽፈው ብቻ ይሠራል።

ኖትቡኩን ለሌሎችም ስለማካፍለው የእኔ ስም ኮዱ ውስጥ እንዲቀር አልፈልግም። ጁፒተርሀብ ይህን የመንገዱን መጀመሪያ በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሞች ሊያነቡት በሚችሉት የሲስተሙ እሴት) ያስቀምጠዋል? ከሆነ በየትኛው ስም? ያው ኮድ ሀብ በሌለበት ላፕቶፕ ላይም እንዲሠራ ምን ልጨምርበት? የምታውቁ እባካችሁ ተባበሩኝ።