ሬንደሩ የት ደረሰ? የቪዲዮ ሥራ መከታተያ ጥቆማ

የሰርግ ቪዲዮ የምትሠሩ ሁሉ ይቺን ስልክ ታውቋታላችሁ። «ልጄ፣ ቪዲዮው ደረሰ ወይ?» የሙሽራዋ እናት ናቸው። «እትዬ፣ ማሽን ላይ ነው» እላለሁ። ሬንደር ላይ ነው ማለቴ ነው፤ ኮምፒውተሩ የተቆረጠውን ቪዲዮ ወደ አንድ ያለቀ ፋይል እየቀየረው ነው። ውሸት አይደለም። ግን ማሽኑ ላይ ምን እየሆነ እንዳለ እኔም አላውቅም ነበር። አዲስ ስቱዲዮ የከፈቱ ልጆች «ለሬንደር የትኛውን ፕሮግራም እንጠቀም?» እያሉ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ የሞከርኳቸውን እዚሁ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ የምመዝንበትን ልንገራችሁ። ፐርሰንት አይደለም። 97 ላይ ደርሶ ግማሽ ሰዓት የቆመ ባር ያላየ የለም። እኔ የምፈልገው መሣሪያው ሲበላሽበት በግልጽ እንዲናገር ነው። ዝም ብሎ የሚሞት ከሆነ ጠዋት ባዶ እጃችሁን ነው የምትቀሩት።

በዚህ ሚዛን አዶቢ ሚዲያ ኢንኮደር ጥሩ ነው። የአዶቢውን የኤዲቲንግ ፕሮግራም ፕሪሚየርን የምትጠቀሙ አብሮ አላችሁ። ሥራውን ወረፋ ላይ ትጥሉለታላችሁ፤ እሱ ከጀርባ ሲሠራ እናንተ ቀጣዩን ትቆርጣላችሁ። ሲጨርስ ደወል ያሰማል። ሲከሽፍበት ደግሞ እንደ ፍየል ይጮኻል። ቀልድ አይደለም፣ የምር ይጮኻል። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን በዓል ሰሞን ስለነበር የጎረቤት ፍየል መስሎኝ መስኮት ከፍቼ አይቻለሁ። ከጩኸቱ በላይ የምወደው ግን ሎጉን ነው። የትኛው ሥራ መቼ ጀመረ፣ መቼ አለቀ፣ የቱ ከሸፈ፣ ሁሉም ተጽፎ ይጠብቃችኋል። ሥራ ጥሎ ለሚተኛ ሰው ይበቃል። የሚከብደው ክፍያው ነው፤ በየወሩ፣ ያውም በዶላር።

ዶላር የሌለው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ወደሚባለው ሌላ የኤዲቲንግ ፕሮግራም ይሂድ። ነጻው ለአብዛኞቻችን ይበቃል። ዴሊቨር ገጽ ላይ ያለው ሬንደር ኪው (የሥራ ወረፋው) የትኛው እንዳለቀና ስንት ሰዓት እንደፈጀ ያሳያል። ግን እሱ ሬንደር ሲያደርግ እናንተ ቡና ትጠጣላችሁ፤ እዚያው ላይ ኤዲት ማድረግ አይቻልም። የሚከፈልበት ስቱዲዮ የሚባለው 295 ዶላር ነው፣ አንዴ ከፍላችሁ የእናንተ ይሆናል። ስክሪፕት (ለኮምፒውተር የሚጻፍ አጭር ትእዛዝ) የሚችል ሰው ካላችሁ፣ በስቱዲዮው ለእያንዳንዱ ሥራ በሚሰጠው መለያ ሁኔታውን ከፕሮግራሙ ውጭ ሆኖ መጠየቅ ይችላል።

እኔ አሁን የማድረው ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባል ቪዲዮ የሚቀይር ፕሮግራም ላይ ነው። ነጻ ነው። መልክ የለውም፤ ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ መጻፍ ብቻ ነው። ግን እንደሱ ግልጽ የሚናገር አላየሁም። ፕሮግረስ የሚለውን አማራጭ ስትጨምሩበት የስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደደረሰና ፍጥነቱን እየጻፈ ይሄዳል። ፍጥነቱ 0.5 ካለ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ሁለት ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። ለእትዬ የምትሰጡት ቀጠሮ ከዚህ ይወጣል። ሥራው ሲቆም በሰላም ከሆነ ዜሮ ይመልሳል፣ ካልሆነ ሌላ ቁጥር። እኔ ይህን ከቴሌግራም ቦት (በራሱ መልእክት ከሚልክ አካውንት) ጋር አገናኝቼዋለሁ፤ አለቀም ከሸፈም ስልኬ ላይ መልእክት ይመጣል። ቪዲዮውን ራሱን በቦቱ ለመላክ ግን አትድከሙ፤ ቦት ከ50 ሜጋባይት በላይ አይልክም። በራሳችሁ አካውንት እስከ 2 ጊጋ ይሄዳል።

ስለ መብራት ካላነሳሁ ጥቆማው ጎደሎ ነው። አንድ ሌሊት የሦስት ሰዓት ሰርግ ሬንደር ላይ ጥዬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ፋይሉ አለ፣ መጠኑም ትልቅ ነው። ተመስገን ብዬ ከፈትኩት፣ እምቢ። ለካ ሌሊት መብራት ሄዶ መጥቷል። ኤምፒፎር የሚባለው የተለመደው የቪዲዮ ፋይል ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ የፋይሉን ማውጫ (ምኑ የት እንዳለ የሚናገረውን) የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ከተቋረጠ የተሠራውም ሳይከፈት ይቀራል። ቦቱም አልነገረኝም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ጠፍቶ ማን ይልካል? ስለዚህ አሁን ዝም ካለ እንደከሸፈ ነው የምቆጥረው። ደግሞ መጀመሪያ ወደ ኤምኬቪ፣ ወደ ሌላ የቪዲዮ ፋይል ዓይነት፣ አወጣለሁ። እሱ ቢቋረጥ እንኳ እስከዚያ የተሠራው ይከፈታል። ሲያልቅ ወደ ኤምፒፎር መገልበጥ እንደገና ሬንደር ስለማይጠይቅ ቶሎ ያልቃል።

ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩትን በአጭሩ። ሾትስታክንና የአማዞኑን ሚዲያ ኮንቨርት አይቻለሁ። ሥራ ስትልኩ መለያ ይሰጧችኋል፤ በዚያ መለያ ሁኔታውን ትጠይቃላችሁ። ሾትስታክ የደረሰበትን በየደረጃው ይነግራል፦ ወረፋ ላይ፣ ፋይል እያመጣ፣ ሬንደር እያደረገ፣ እያስቀመጠ፣ አለቀ ወይም ከሸፈ። ፋይል እያመጣ ነው በሚለው ላይ ከተገተረ መጀመሪያ ፋይሉን እንዲያመጣበት የሰጣችሁትን ሊንክ ፈትሹ። በየሰከንዱ መጠየቅ ግን አክንባሎውን በየደቂቃው እንደ መክፈት ነው። ሲያልቅ ራሱ እንዲያሳውቃችሁ የዌብ አድራሻ ስጡትና ተዉት። ያለቀውንም ቶሎ አውርዱ፤ የሾትስታክ ጊዜያዊ ሊንክ ከ24 ሰዓት በኋላ ይሞታል።

ለሰርግ ግን ክላውድን አልመክርም። መቶ ጊጋ ቀረጻ በእኛ ኢንተርኔት እስኪጫን ሙሽሮቹ ልጅ ይወልዳሉ። ስማቸውና ዋጋቸው ብቻ እየተቀያየረ የሚወጡ አጫጭር ማስታወቂያዎች ለሚሠራ፣ በዶላር የሚከፍል ካርድም ላለው፣ እሱ ይሞክረው።