«ከወላጆችህ የተመረቀ አለ?» ለሚለው የኮሌጅ ቅጽ ጥያቄ ምን ብላችሁ መለሳችሁ?

ሰላም ለሁላችሁም። ለሦስት ሳምንት ባሕር ዳር ነኝ። የምጽፈው ኔትወርክ ሲገኝ ነው፣ መልስ ብዘገይ እንዳትቀየሙኝ።

የእህቴ ልጅ አምና ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ በጂኦግራፊ ተመርቃለች። አሁን ለማስተርስ ስኮላርሺፕ እየሞላች ነው። ትናንት ቡና እየተፈላ «አጎቴ፣ እንግሊዝኛውን ብቻ እይልኝ» ብላ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የአየር ንብረት ለውጥ የዓለማችን ትልቁ ፈተና ነው ይላል። እንግሊዝኛው ምንም እንከን አይወጣለትም። ግን ማን እንደጻፈው አይታወቅም፣ የኖርዌይ ልጅም ልትጽፈው ትችላለች።

አባቷ ጣና ላይ ዓሣ አጥማጅ ነው። በደንገል ታንኳ የጀመረ ሰው ነው። እንቦጭ ሐይቁ ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሲመጣ እሷ ገና ልጅ ነበረች። ማታ ማታ በራፉ ላይ ተቀምጦ፣ መረቡ ውስጥ የተጠመጠመውን ጥቁር የእንቦጭ ሥር በጣቱ እየፈለቀቀ ሲያወጣ እሷ ባትሪ ታበራለት ነበር። የመመረቂያ ጽሑፏም ስለ እንቦጭ ነው። ይሄ ሁሉ ማመልከቻው ላይ የለም! ለምን አልጻፍሽውም ስላት «እሱማ ያሳፍራል» አለችኝ።

ሌላም አለ። ግራ ጆሮዋ ከልጅነቷ ጀምሮ አይሰማም። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ፊት ወንበር፣ ወደ ግራ ጥግ የምትቀመጠው ለዚህ ነው። ቅጹ የአካል ጉዳት ካለሽ ግለጪ ይላል። እህቴ ከጓዳ ሆና «እሱን እንዳትነኪው፣ ይጥሉሻል!» ብላ ጮኸች።

እህቴን አልፈርድባትም። እኔም ከዚያው ቤት ነው የወጣሁት። በዲቪ አሜሪካ ገብቼ ኮሌጅ ስመዘገብ ቅጹ ከወላጆችህ በዲግሪ የተመረቀ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አባታችን መሪጌታ ነበሩ። ዜማ ተምረው፣ ቅኔ ተቀኝተው፣ ስንት ዓመት ቁራሽ ለምነው የተማሩ ሰው ናቸው። ታዲያ «አልተማሩም» ብዬ ልጻፍ? እጄ እምቢ አለኝ። «አዎ» አልኩና አለፍኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከትሪዮ ውጭ ሆንኩ። ለማታውቁት፣ ትሪዮ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሚደጉመው ፕሮግራም ነው፣ ከቤታቸው የመጀመሪያ ሆነው ኮሌጅ ለገቡ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነና አካል ጉዳት ላለባቸው ተማሪዎች። ነጻ አስጠኚ አለው፣ አማካሪ አለው። እኔ ግን ሂሳብ እየጣለኝ ማታ ፓርኪንግ እየሠራሁ አስጠኚ ከኪሴ እከፍል ነበር። በሦስተኛው ዓመት አንዲት አማካሪ አባትህ ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው የተመረቁት አለችኝ። ስለ ቅኔ ቤት አስረዳኋት። ሰምታ ሰምታ፣ ቅጹ የሚጠይቀው ስለ ዲግሪ እንጂ ስለ ዕውቀት አይደለም አለችኝ። እዚያው አስተካከልነው።

ይሉኝታችን ዋጋ ያስከፍላል። እኛ ጎዶሎ ብለን የምንደብቀውን ነገር ቅጹን የሚሰጡን ሰዎች አውጡት እያሉን ነው።

አሁን ለልጆቹ የሚጠቅመውን ልጻፍ። ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የማስተርስ ስኮላርሺፕ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፣ እስከ 24 ወር፣ የትምህርት ክፍያ የለበትም። ቢያንስ ሁለት አገር ይማራሉ። አካል ጉዳት ላለባቸው ተጨማሪ ድጋፍ አለው፣ ስለዚህ ልጅቷ ያንን ጥያቄ መዝለሏ ገንዘብ መጣል ነው። ቼቭኒንግ የእንግሊዝ መንግሥት የሚከፍለው የአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፣ ግን 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፣ ለእሷ ገና ነው። ሩቅ ሳይኬድ ደግሞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አለ። ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርሺፕን ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይዟል፣ ትኩረቱም አካል ጉዳተኝነት ላይ ነው። ከባሕር ዳር ሰዎች ስንቱ ያውቀዋል? እኔ ራሴ የሰማሁት ካናዳ ካለ ጓደኛዬ ነው።

ደላላ ይቅር። የጎረቤታችን ልጅ ቼቭኒንግ እንሞላልሃለን ላሉት ሰዎች ብር ከፍሏል። ለቼቭኒንግ ማመልከቻ አይከፈልም! ሰዎቹም ስልካቸውን ዘግተዋል።

ማታ ጽሑፉን እንደ አዲስ ጀመረችው። አሁን የሚጀምረው ከመረቡና ከባትሪው ነው። አባቷ ምን እንደጻፈች ሲነገረው ዝም ብሎ ቆየና «በቀን ስንት ኪሎ እንደማወጣም ይጻፍላቸው እንግዲህ» አለ። የጆሮውን ነገር እናቷ ገና አላመነችበትም።

መልስ፣ ከዳላስ
ወንድሜ፣ ጥሩ ብለሃል፣ ግን አሁን ጊዜው ተለውጧል እኮ። እዚህ ቴክሳስ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የዳይቨርሲቲ ቢሮ በሕግ ከተዘጋ ቆየ፣ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ነው። ልጄ ዘንድሮ ይገባል። ምን ቀረለት?

መልስ፣ ከባሕር ዳር
ብዙ ቀርቷል እህቴ። የ2023ቱ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ኮሌጆች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን እንደ መመዘኛ ማየት ከለከለ እንጂ ልጁ በሕይወቱ ያለፈበትን ጽፎ እንዳያሳይ አልከለከለም። ፔል ግራንት፣ የማይመለሰው የፌዴራል መንግሥት ድጎማ፣ የሚሰጠው በገቢ ነው፣ ግሪን ካርድ ካለው ይመለከተዋል፣ ለ2025-26 ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው። ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ የሚደረገው ማመቻቸትም ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሕግ የቆመ ነው፣ ከዳይቨርሲቲ ቢሮ ጋር አብሮ አልተዘጋም። ፋፍሳውን፣ የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻውን፣ ቶሎ ሙሉለት።

መልስ፣ ከፍራንክፈርት
እኔ አንድ የሚያስቀይም ነገር ልናገር። ፈረንጅ እንዲያካትተን እንጠይቃለን። የራሳችን ማኅበር ለባሕር ዳር ልጆች የሚሰጠው ድጎማ ግን መመዘኛው የ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ያለፉት 3.3 በመቶ ናቸው። እንዲህ ባለ ፈተና ማን ያልፋል? መጽሐፍና አስጠኚ ያለው ነዋ። ታንኳ ታንኳ እያልን ፎቶ የምንለጥፈው ጣና ዳር የሚኖሩትን የነገደ ወይጦ ሰዎች እጅ ሥራ ነው። እስካሁን ከእነሱ ልጆች አንድ ረድተን እናውቃለን?

መልስ፣ ከባሕር ዳር
አናውቅም። እውነት ነው፣ እኔም ኮሚቴው ውስጥ ሁለት ዓመት ስቀመጥ አንስቼው አላውቅም። የእህቴ ባል ሰፈራቸውን ያውቀዋል፣ አብረው ሐይቅ ላይ የዋሉ ወዳጆች አሉት። ነገ ጠዋት አብረን ሄደን እናነጋግራቸዋለን፣ ከሰፈሩ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ስንት ልጅ እንዳለም እንጠይቃለን። ያገኘሁትን ማታ እጽፋለሁ፣ መብራት ካለ።